«ውስጣዊ ቃጠሎ» ሲባል የምን ውስጥ?

ቤዛ_ተርጓሚ፦ ሰላም ቤተሰብ። ለቴክኒክ ተማሪዎች ማስተማሪያ እየተረጎምኩ አንድ ዓረፍተ ነገር ላይ ተቀርቅሬያለሁ፦ «የእንፋሎት ባቡር እሳቱን ይዞት ይዞራል፤ ሞተሩ ግን ውጫዊ ቃጠሎ ነው።» እሳቱ እዚያው ባቡሩ ላይ እያለ እንዴት ነው «ውጫዊ» የሚሆነው? ደግሞስ ለመኪናው ሞተር «ውስጣዊ ቃጠሎ» ይሻላል ወይስ «የውስጥ ቃጠሎ»?

ዘዋሸራ፦ «ውስጣዊ» ለሰው ነው። ውስጣዊ ሰላም፣ ውስጣዊ ቁስል እንላለን። ሞተርን «ውስጣዊ» ማለት ንስሐ ማስገባት ነው። «ውስጠ ነድ» በይው፤ ያምራል።

ቀኝ_ጌታ፦ ማማሩን ያምራል፣ ግን ስህተት ነው። «ነድ» ነበልባሉ ነው እንጂ መቃጠሉ አይደለም። የመቃጠሉ ግሥ «ውዕየ» ነው። ዕፀ ጳጦስ ነደደች እንጂ አልተቃጠለችም። ቅኔ ቤት ይህን ሳትሰማ ነው የወጣኸው?

ዘዋሸራ፦ የኔታ፣ እርስዎ ቅኔ ቤት ሲገቡ ቤንዚን ነበረ?

የጋራዥ_ልጅ፦ እኔ ቅኔ ቤት አልገባሁም፣ ካንዴላ ግን ፈትቻለሁ። ቤንዚንና አየር ተደባልቆ ሲሊንደር የሚባለው ቱቦ ውስጥ ይገባል። ቱቦው ውስጥ ወደ ላይና ወደ ታች የሚመላለሰው ፒስተን ያምቀዋል። ካንዴላው ብልጭ ሲል ይነድዳል፤ የነደደው ጋዝ ራሱ ፒስተኑን ቁልቁል ይገፋዋል። ናፍጣ ሞተር ካንዴላ የለውም። አየሩ ታምቆ በጣም ስለሚግል ናፍጣው ሲረጭበት በራሱ ይቀጣጠላል። የድሮው ባቡር ግን ምድጃ ላይ የተጣደ ድስት በሉት። ፒስተኑን የሚገፋው እንፋሎቱ ነው። እሳቱና ፒስተኑ አይተዋወቁም። ስለዚህ ቤዛ፣ «ውስጥ» ማለት የሲሊንደሩ ውስጥ ነው።

ዘዋሸራ፦ ተያዝክ! የጄት ሞተር ፒስተንም ሲሊንደርም የለውም፤ ግን ከውስጣዊዎቹ ይመደባል።

የጋራዥ_ልጅ፦ እሺ ጋሼ፣ ላስተካክል። የተቃጠለው ጋዝ ራሱ ሥራውን ከሠራ ውስጣዊ ነው። ሙቀቱ በብረት ተሻግሮ ሌላ ነገር ካሞቀና ያ ነገር ከሠራ ውጫዊ ነው። ሌላው ነገር ደግሞ የግድ ውሃ መሆን የለበትም። ሮበርት ስተርሊንግ የሚባል የስኮትላንድ ቄስ በፈረንጆች 1816 የፈለሰፈው ሞተር ውስጥ ያለው ታሽጎ የተቀመጠ አየር ነው። እሳቱ ከውጭ ያሞቀዋል።

ቀኝ_ጌታ፦ ቄስ ነው ያልከው? በል ከዛሬ ጀምሮ ከእኛ ወገን ነው።

ሥረ_ቃል፦ ወደ ሥሩ እንግባ እንጂ! ናፍጣና ነፍጥ ዘመዳሞች ናቸው። ሁለቱም የሚነድ ዘይት ከሚለው ከዐረቡ «ነፍጥ» ጋር ይገናኛሉ። ጠመንጃስ ቢሆን ውስጣዊ ቃጠሎ አይደለም? ባሩዱ እዚያው ውስጥ ነድዶ ጋዙ ጥይቱን ይገፋዋል። ሆላንዳዊው ሃይገንስ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ፒስተን በባሩድ ለማንቀሳቀስ ሞክሯል። ስለዚህ ነፍጠኛ ማለት የመጀመሪያው መካኒክ ነው።

የጋራዥ_ልጅ፦ ኧረ በማርያም፣ እዚያ ውስጥ አትግባ!

ቤዛ_ተርጓሚ፦ እሳቱስ ገብቶኛል፣ አመሰግናለሁ ወንድሜ። ማታ ነው የማስረክበው፤ «ውስጣዊ» ልጻፍ ወይስ «የውስጥ»?

ዘዋሸራ፦ ቆይ ቤዛ፣ ዋናውን ረስተነዋል። «ባቡር» ራሱ ከፈረንጆቹ «ቫፖር» ነው የመጣው፤ እንፋሎት ማለት ነው። መጀመሪያ መርከቡን ነበር ባቡር የሚሉት። የሐዲዱ «ምድር ባቡር» የተባለው ለዚህ ነው። በፈረንጆች 1902 ድሬዳዋ የገባው ስሙም ግብሩም እንፋሎት ነበር። የዛሬው የጅቡቲ ባቡር ግን በኤሌክትሪክ ነው የሚሄደው። ስሙን ይመልስ!

ቀኝ_ጌታ፦ ከፈረንጅ በቀጥታ አልመጣም። በዐረብ በኩል ነው የገባው። «ቨ» ስለሌላቸው ነው ወደ «በ» የወሰዱት።

ዘዋሸራ፦ ማስረጃዎት?

ቀኝ_ጌታ፦ ዕድሜዬ።