ስቱዲዮ እንከራይ ወይስ ማይክ እንግዛ? የድምፅ ፕሮጀክት ለያዛችሁ የደብረ ብርሃን ተማሪዎች ጥቆማ

ሰሞኑን አንዲት የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ጻፈችልኝ። ስድስት ሆነው የ12 ደቂቃ የሬዲዮ ድራማ ሠርተው ማስረከብ አለባቸው። ታሪኩ ከደብረ ሲና ገበያ ተነስቶ በጣርማ በር አድርጎ ደብረ ብርሃን የሚገባ የአውቶቡስ ጉዞ ነው። «ያዋጣነውን ብር ስቱዲዮ እንከራይበት ወይስ ማይክ እንግዛበት?» አለችኝ። እኔም ተማሪ ሳለሁ በዚሁ ጥያቄ ከጓደኞቼ ጋር ስንጨቃጨቅ ከርመናል። ስለዚህ መልሱን ለሁላችሁም ልጻፈው።

መጀመሪያ ክፍል ፈልጉ። ቀጥሎ አንድ የገመድ ማይክ ግዙ። ስቱዲዮ የምትከራዩት ከዚህ በኋላ የጎደለ ነገር ካለ ብቻ ነው።

ክፍል ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር ከፍታ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ነፋሷን ታውቁታላችሁ። ጣሪያው ደግሞ ቆርቆሮ ነው። ነፋስ ቆርቆሮውን ሲያንኳኳው፣ ይባስ ብሎ ዝናብና በረዶ ሲወርድበት የትኛውም ማይክ አያድናችሁም። ክረምት ላይ የምትቀርጹ ከሆነ ጠዋት ጠዋት ጨርሱ። ዝናቡ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከሰዓት በኋላ ነው።

ከዚያ ደግሞ ማስተጋባት አለ። አዲሶቹ የብሎኬት ቤቶች ወለላቸው ሴራሚክ ነው፤ በርና መስኮታቸው ብረት። እንዲህ ያለ ክፍል ውስጥ ድምፅ ከግድግዳ ግድግዳ ይላተማል። የቀረጻችሁት ንግግር ባዶ አዳራሽ ውስጥ የተወራ ይመስላል። የጀርባ እዝዝታን በኮምፒውተር መቀነስ ይቻላል። ማስተጋባትን ማውጣት ግን በጣም ከባድ ነው፤ ቢወጣም ድምፁን ያበላሸዋል።

ስለዚህ የጭቃ ቤት ፈልጉ። ከምሬ ነው የምላችሁ። ወፍራም የጭቃ ግድግዳ፣ የማዳበሪያ ኮርኒስ፣ አልጋ፣ ፍራሽ፣ የተሰቀለ ልብስ ያለበት ክፍል ለንግግር ተስማሚ ነው። እኛ ድራማችንን የቀረጽነው የአንዷ ጓደኛችን አክስት ጓዳ ውስጥ ነበር። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ ጥግ ጥጉን የእህል ጆንያ ተደርድሮበታል። ጆንያ ሙሉ ጤፍና ስንዴ ድምፅ ሲውጥ ያየሁት ያን ቀን ነው። አክስትየው ቡና አፍልተው ጠበቁን፤ የቡናውንም ድምፅ በዚያው ቀረጽነው።

እንዲህ ያለ ቤት ካጣችሁ ብርድ ልብስ አለ። ከተማችን የብርድ ልብስ ከተማ ናት፤ ወፍራም ብርድ ልብስ የሌለው ቤት የለም። ሁለት ሦስቱን ገመድ ላይ ከተናጋሪው ጀርባና ጎን ስቀሉ። ግድግዳው ላይ አታጣብቁት። ትንሽ ራቅ ሲል የበለጠ ይሠራል። አንዱን ደግሞ ጠረጴዛው ላይ አንጥፉት፤ ከእንጨቱ የሚመለሰው ድምፅ ይቀራል። ዶርም ውስጥ ግን አትሞክሩት። ኮሪደሩ መቼም ዝም አይልም።

ለእኛ የተሳካልን ሰዓት ከጠዋቱ 3 እስከ 5 ነው። ቅዳሴው አልቋል፤ የሰፈር ልጆች ትምህርት ቤት ናቸው፤ ነፋሱም ገና አልበረታም። ሌሊት ጸጥ ይላል ብላችሁ አትጠብቁ። ውሻ አለ።

አሁን ወደ ዕቃው። የዋጋ ቁጥር አልጽፍም፤ ዛሬ የጻፍኩት በሚቀጥለው ወር አይሠራም። እርስ በርስ ላወዳድራችሁ።

የራሳችሁ ስልክ ከምታስቡት በላይ ይሠራል። ከአፍ አንድ ስንዝር ያህል ይራቅ። ፊት ለፊት ሳይሆን ትንሽ ወደ ጎን ያዙት፤ «ፖሊስ»፣ «ፓስታ» የሚል ቃል ሲመጣ ትንፋሹ ማይኩን አይመታውም። ስልኩን አውሮፕላን ሞድ ላይ አድርጉ። ዶልቢ ኦን የሚባለው ነፃ መተግበሪያ እዝዝታውን ራሱ ይቀንሳል፤ ለጀማሪ ጥሩ ነው። እኔ ግን ሳይነካካ የሚቀርጽ መቅረጫ እመርጣለሁ። ቅንብሩ ውስጥ ዋቭ (ድምፁን ሳይጨምቅ የሚያስቀምጥ የፋይል ዓይነት) የሚል ካለ እሱን ምረጡ።

ግዙ የምላችሁ ማይክ ቦያ ኤም1 ነው። ልብስ ላይ የሚሰካ፣ ገመዱ 6 ሜትር የሆነ ትንሽ ማይክ ነው። ከብዙ ሰው የሚሰማው ቅሬታ «አይሠራም» የሚል ነው። አብዛኛውን ጊዜ ግን የተበላሸ ነገር የለም። ገመዱ ላይ ያለችው ትንሽ ሳጥን ማብሪያ አላት፤ አንዱ ለስልክ፣ ሌላው ለካሜራ። ስልክ ላይ ስትሰኩት የስልኩ በኩል መሆን አለበት፤ ባትሪም አይፈልግም። ኤልአር44 የምትባለው ክብ ባትሪ የምታስፈልገው ለካሜራ ነው። ስልካችሁ ክብ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ከሌለው የታይፕ ሲ መቀየሪያ ያስፈልጋችኋል። መቀየሪያዎቹ ሁሉ ማይክ አያሳልፉም፤ ሱቁ ውስጥ ሰክታችሁ፣ ቀርጻችሁ፣ ሰምታችሁ ግዙ። ተመሳስሎ የተሠራም ስለሚሸጥ ይህን ሳታደርጉ ከሱቅ አትውጡ። እኛ ማይኩን ልብስ ላይ አልሰካነውም፤ ሲንቀሳቀሱ ይፈገፈጋል። እርሳስ ጫፍ ላይ በፕላስተር አስረን በአፍ አቅጣጫ ያዝነው። ስድስታችንም ተራ በተራ በዚያ አንድ ማይክ ጨረስን።

ኬ9 የሚባሉት ገመድ አልባዎች ቲክቶክ ላይ ስለምታዩአቸው ያጓጓሉ። ሁለት ማይክ በአንድ ጊዜ ይሰጣችኋል፤ ገመድ የለም። ለቃለ መጠይቅ ይሆናሉ። ለድራማ ግን አልመክርም። የሁለቱ ሰው ድምፅ ተቀላቅሎ ነው የሚገባው፤ አንዱ ካሳለ የሌላውም ንግግር አብሮ ይበላሻል።

ቢኤም 800 የሚባለውን ትልቅ ማይክ «የስቱዲዮ ነው» ብለው ይሸጡላችኋል። መልኩ ያምራል። በደንብ እንዲሠራ ግን 48 ቮልት የሚሰጥ ሌላ ዕቃ ይፈልጋል። ያንን ሳትገዙ ስልክ ላይ ብትሰኩት ድምፁ ደካማ ነው። ደግሞ ሩቅ ያለውን ሁሉ ስለሚሰማ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ጠላት ነው። እለፉት።

ወደ ኪራይ ስንመጣ በጣም የምወደው የሰርግ ቪዲዮ የሚቀርጹትን ልጆች ነው። ብዙዎቹ ዙም ኤች1ኤን ወይም እሱን የመሰለ መቅረጫ አላቸው። በሁለት ትንንሽ ባትሪ የሚሠራ፣ ኪስ የሚገባ፣ ግራና ቀኝ ለይቶ የሚቀርጽ ዕቃ ነው። ገበያ፣ መናኸሪያ፣ ከብት ለመቅረጽ ከዚህ የተሻለ አላየሁም። ጊዜውን ምረጡ እንጂ። በጥር ሄዳችሁ ብትጠይቁ ማንም አያያችሁም። በዐቢይ ጾም ሰርግ የለም። 55 ቀን ዕቃው መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል፤ ያኔ ለተማሪ በደስታና በቅናሽ ያከራያሉ። መታወቂያ ማስያዝ የተለመደ ነው። ስትረከቡ ከእነሱ ጋር ሆናችሁ አንድ ደቂቃ ቅረጹና ስሙ፤ ጭረት ካለበትም አሳዩአቸው።

የሳውንድ ሲስተም አከራዮችም ይጠቅማሉ። ሹር ኤስኤም58 የሚባለው የመድረክ ማይክ ቅርብ ያለውን ድምፅ ብቻ ስለሚይዝ ጫጫታ ባለበት ክፍል ከሁሉም ይሻላል። ግን ሚክሰር (ማይኩ የሚሰካበት የድምፅ መቆጣጠሪያ) እና የሚያገናኝ ገመድ አብሮ መምጣት አለበት፤ የሚያውቅ ሰው ከሌላችሁ ቀኑ በማገናኘት ያልቃል።

ስቱዲዮን በተመለከተ በእኛ የደረሰውን ልንገራችሁ። ስሙን አልጠራም። ሁለት ሰዓት ተከራየን። ልጁ ጎበዝ ነበር፤ ግን የለመደው መዝሙር መቅረጽ ነው። የሁላችንንም ድምፅ ኢኮ ጨምሮበት፣ አንድ ላይ አዋህዶ፣ ጨምቆ በኤምፒ3 ሰጠን። በማግስቱ ጥሬውን፣ ምንም ያልተነካውን ቅጂ ስንጠይቀው አጥፍቶታል። ድራማው ውስጥ አውቶቡስ ውስጥ የምታወራው እናት ካቴድራል ውስጥ ያለች ትመስላለች። ሁሉንም እንደገና ቀረጽነው። ስለዚህ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ተነጋገሩ፤ ጥሬው ፋይል፣ በዋቭ፣ የእያንዳንዱ ሰው ለየብቻ፣ ምንም ሳይጨመርበት። ፍላሻችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ ሳትገለብጡም አትውጡ። ይህን ከተስማማችሁ ስቱዲዮ ለተራኪው ድምፅ በእውነት ጥሩ ነው፤ ረጅም ንባብ ጸጥታ ይፈልጋል።

ስለ አርትዖቱ ባጭሩ፦ ኦዳሲቲ የሚባለው የድምፅ ማረሚያ ፕሮግራም ነፃ ነው፣ አሮጌ ላፕቶፕ ላይም ይሄዳል፣ ለዚህ ሥራ ሌላ አያስፈልጋችሁም። ስትቀርጹ ማንም ሳይናገር 30 ሰከንድ ክፍሉን ብቻ ቅረጹ። ኦዳሲቲ ያንን ዝምታ ሰምቶ የክፍሉን እዝዝታ ከንግግሩ ሥር ይቀንስላችኋል። በንግግሮች መካከል ያለውን ክፍተትም በዚያው ዝምታ ትሞሉታላችሁ። የድምፁ ከፍታ መለኪያው ላይ ከ12 እስከ 6 ዲሲቤል ከዜሮ በታች ይሁን፤ ዜሮ መቅረጫው የሚችለው የመጨረሻው ልክ ነው። የሚጮህ ትዕይንት ካለ ተዋናዩ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ይበል፤ ዜሮ ነክቶ የተቀደደ ድምፅ አይጠገንም። ደግሞ እባካችሁ፣ አንዱ አባል ሩቅ ካለ ድርሻውን በቴሌግራም ቮይስ አይላክላችሁ። ቴሌግራም ቮይሱን ጨምቆ ነው የሚልከው። በመቅረጫ ቀርጾ እንደ ፋይል ይላክ።

የድምፅ ኢፌክቱ ላይ ግን ጊዜ ስጡ። ፍሪሳውንድ የሚባለው ድረ ገጽ ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሰዎች የቀረጹትን ድምፅ በነፃ ያካፍላል፤ ነጎድጓድ ወይም ብርጭቆ ሲሰበር ከዚያ ውሰዱ፤ ፈቃዱን አንብቡ፣ ስም ጥቀሱ የሚል ካለ ጥቀሱ። ነገር ግን የደብረ ሲና ገበያ እዚያ የለም። የውጭ አገር ገበያ ብታስገቡበት አድማጩ ወዲያው ያውቀዋል። የጀበናው፣ የሙቀጫው፣ የረዳቱ ጥሪ የእኛ ነው።

ጋሪ ለመቅረጽ ቅል ወይም ሲኒ ማጋጨት አያስፈልጋችሁም። ፈረሱ ከተማው ውስጥ ሞልቷል። ባለጋሪውን ሥራ በሚፈታበት ሰዓት ላይ አነጋግሩት፣ የአንድ ጉዞ ሒሳብ ክፈሉት፤ አንዴ አስፋልት ላይ፣ አንዴ ኮብልስቶን ላይ ይሂድላችሁ። ሁለቱ ፈጽሞ አይመሳሰሉም። እሳት ለማስመሰል ደረቅ ፌስታል ማይኩ አጠገብ በቀስታ ጨምቁ። ዝናብ ከፈለጋችሁ ጤፍ ወይም ምስር ከፍ አድርጋችሁ ትሪ ላይ አንጠባጥቡ። የወፍ ክንፍ ድምፅ በነጠላ ይሠራል፤ ጫፉን ይዞ ማራገብ። ቡና ስትቀዱ ግን እውነተኛ ትኩስ ቡና ይሁን፤ ቀዝቃዛ ውኃ ሲቀዳ ድምፁ ይለያል፣ ጆሮ ያውቀዋል። መንዝ ዘመድ ያላችሁ ደግሞ ሱፍ በደጋን ሲነደፍ ቅረጹልኝ። ያን ድንግ ድንግ የሚል ድምፅ የትም አታገኙትም።

ለአውቶቡሱ፣ መናኸሪያ ሄዳችሁ መኪናው ቆሞ ሞተሩ ሲሠራ፣ በሩ ሲዘጋ፣ ረዳቱ የመኪናውን አካል ሲደበድብ ለየብቻ ያዙ። ሹፌሩንና ረዳቱን አስፈቅዱ፤ የሰው ድምፅ የሰው ንብረት ነው። የጣርማ በርን ዋሻ ለመቅረጽ ውስጡ እንዳትቆሙ። ጉሙና መኪናው አደገኛ ነው። አውቶቡሱ ውስጥ መስኮት አጠገብ ተቀምጣችሁ፣ መስታወቱን ትንሽ ከፍታችሁ ቅረጹ። በጣልያን ጊዜ የተሠራው ዋሻ ውስጥ ስትገቡ ድምፁ ይታፈናል፤ ስትወጡ ነፋሱ ባንዴ ይከፈታል። ያቺ ቅጽበት ብቻዋን ትዕይንት ናት።

ውጭ ስትቀርጹ ነፋሱ እንዳይመታው ማይኩን ጠጉር አልብሱት። ለዚህ የሚሸጠው ሰው ሠራሽ ጠጉር ውድ ነው። እኛ የመንዝ በግ ለምድ ቁራጭ፣ ጠጉሩ ረጅም የሆነውን፣ በመርፌ ሰፍተን እንደ ኮፍያ አጠለቅንለት። መንዝ ጓሳ ላይ፣ ከ3,200 ሜትር በላይ በሚነፍሰው ነፋስ ሞከርነው። ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ ጠዋት ከገደሉ ወጥተው ሣሩ ላይ ሲቀመጡ፣ እርስ በርስ ሲያጉረመርሙ፣ አንድ በአንድ ጥርት ብሎ ገባልን። ለምዱ አሁንም እኔ ጋ አለ፤ ደብረ ብርሃን ያላችሁ ለፕሮጀክታችሁ መዋስ ትችላላችሁ።