ኮንቴስታር ወይስ ሬስፖንዴር? መምህሬ በቀይ ሰረዘችብኝ

ጀማሪዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ስፓኒሽ የምትችሉ እስቲ ገላግሉኝ። ማድሪድ ከመጣሁ ዘጠኝ ወሬ ነው፣ ዴሌ ኤ2 ለሚባለው የስፓኒሽ ቋንቋ ፈተና እየተዘጋጀሁ ነው። «መለሰ» ለማለት ኮንቴስታርም ሬስፖንዴርም ይሆናል ተባልኩ፣ እኔም ቀለል ያለኝን ኮንቴስታርን ይዤ ያገኘሁት ቦታ ሁሉ መሰካት ጀመርኩ። ባለፈው ሳምንት የቤት ሥራ ላይ ባዶ ቦታ ሙሉ የሚል መጣ፦ «ኤል ፓሲዬንቴ ኖ … አል ትራታሚዬንቶ»። ሕክምናው አልሠራለትም ነው ነገሩ። «ኮንቴስታ» ብዬ ሞላሁ። በቀይ! መምህሯ «ሬስፖንዴ» ብላ ጽፋ አለፈች። አንድ ናቸው አልተባለም እንዴ?
ደግሞ አንድ ልብ ወለድ ላይ «ሬፑሶ» የሚል አየሁ። መዝገበ ቃላቱ እሱንም «መለሰ» ይለዋል። ስንት መለሰ ነው ያላቸው ሰዎቹ?

የባርሴሎናው፦
አይዞሽ እህቴ፣ የነገሩሽ ውሸት አይደለም። ጥያቄ፣ ደብዳቤ፣ ሜሴጅ ከሆነ ደስ ያለሽን በይ። ብቻ ሬስፖንዴር ስትዪ «ኣ»ዋን አትርሺ፣ «ሬስፖንዴር ኣ ላ ፕሬጉንታ»፤ ኮንቴስታር ላይ ብትተያትም ያስኬዳል።
ችግሩ ከጥያቄና መልስ ስትወጪ ነው። ኮንቴስታር የሚናገር ወይም የሚጽፍ ሰው ይፈልጋል። ሬስፖንዴር ግን ለሰውነትም ለዕቃም ይሆናል። ፍሬን ረግጠሽ እምቢ ካለሽ «ሎስ ፍሬኖስ ኖ ሬስፖንዴን» ነው። ፍሬን አፍ የለውም። ያንቺም በሽተኛ እንደዚያው ነው፣ መድኃኒቱን የሚያናግረው አይደለም።
ዋስ መሆንም አለ። መጀመሪያ ክፍል ስከራይ ባለቤቱ «ኪዬን ሬስፖንዴ ፖር ቲ?» አለኝ። እኔ «ማን ይመልስልሃል?» ያለኝ መስሎኝ ደረቴን ነፍቼ «ዮ ኮንቴስቶ! ስፓኒሽ እችላለሁ» አልኩት። ሰውዬው የጠየቀኝ ተያዥ ነበር። ክፍሉን አላገኘሁም 😂

የኢስላ ልጅ፦
እኔ ስፓኒሽ የተማርኩት በደርግ ጊዜ ኩባ፣ ኢስላ ዴ ላ ኹቤንቱድ ነው። ግማሽ ቀን ክፍል፣ ግማሽ ቀን የቶሮንኻ (ግሬፕፍሩት) ማሳ። እዚያ የተማርኩትን ልንገርሽ ልጄ። የመኝታ ቤት ኃላፊያችን ተቆጥታ ስትናገር አንዱ ልጅ ቃል ከተነፈሰ «ኖ ሜ ኮንቴስቴስ!» ትል ነበር። እናቶቻችን «ትመልስልኛለህ ደግሞ!» እንደሚሉት፣ ቁጭ። እንዲህ ያለውን ምላሰኛ ልጅ «ኮንቴስቶን» ወይም «ሬስፖንዶን» ይሉታል። እዚህ ላይ ሁለቱም ግሶች ታረቁ ማለት ነው።
ሬፑሶን እንዳትናገሪው። የመጽሐፍ ቃል ነው፣ «አለ፣ መለሰ» ለማለት ባለፈ ጊዜ ብቻ ነው የሚመጣው። ግሱ ሬፖኔር ነው፣ በሌላ ትርጉሙ መተካት ማለት ነው፤ ሬፑዌስቶ የመኪና መለዋወጫ የሆነው ለዚያ ነው። ሬፕሊካር ደግሞ አፀፋ ነው፣ «የለም፣ እንዲህ አይደለም» የሚል መልስ።

ጀማሪዋ፦
እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ፣ አሁን ገባኝ። ስልክ ማንሳትስ? መምህሬ ኮንቴስታር አለች፣ የቤቴ ሰዎች ግን ኮኼር (መያዝ፣ ማንሳት) ነው የሚሉት።

የባርሴሎናው፦
ስፔን ውስጥ ሁለቱም ይሄዳሉ። ሜክሲኮ ወይም አርጀንቲና ከሄድሽ ግን ስልኩን «ኮንቴስታ» በዪው እንጂ ኮኼርን እንዳትነኪው፣ እዚያ ብልግና ነው።

የኢስላ ልጅ፦
ኩባ ኮኼር ነውር የለውም፣ አውቶቡስም ይያዝበታል። አንስተሽ ደግሞ «ኦይጎ» ትያለሽ፣ እሰማለሁ እንደማለት።

ጀማሪዋ፦
በቃ አንድ ጉድ ልናዘዝ። በመጣሁ ሰሞን ካፌ ገብቼ አሥር ዩሮ ሰጠሁ፣ አስተናጋጁ ረሳኝ። መልሴን ልጠይቅ ብዬ «ኢ ሚ ሬስፑዌስታ?» አልኩት። ግራ ገብቶት ቆሞ «ምን ጠይቀሽኝ ነበር?» አለኝ።

የባርሴሎናው፦
😂😂 «ላ ብዌልታ» ወይም «ኤል ካምቢዮ» ነበር የሚባለው!

የኢስላ ልጅ፦
ኩባ ከሆነ «ኤል ብዌልቶ»። ለመሆኑ ገንዘብሽን ሰጠሽ?

ጀማሪዋ፦
በእጄ ሳንቲም ቆጥሬ ሳሳየው ሰጠኝ ጋሼ።