«ወደ ካኖሳ መሄድ» በአማርኛ ምን ይባላል?

ጥያቄ፦ የምኖረው ጀርመን አገር ነው። አንድ የሥራ ባልደረባዬ አለቃውን ይቅርታ ሊጠይቅ ሲነሳ «እንግዲህ ወደ ካኖሳ ልሂድ» አለ። ካኖሳ ጣሊያን ያለ ቦታ መሆኑን ደረስኩበት። «ደጅ መጥናት» ብዬ ብተረጉመው ያስኬዳል?

መልስ፦ አያስኬድም ባይ ነኝ። ደጅ የሚጠና ሰው ሹመት ወይም ርስት ፈልጎ ነው፤ ያጠፋው ነገር የለም። ካኖሳ ደጅ የቆመው ግን የተወገዘ ንጉሥ ነው።

ሂልደብራንድ የሚባሉ የቶስካና ሰው በ1073 እ.ኤ.አ. ጎርጎርዮስ 7ኛ ተብለው የሮም ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሆኑ። ከጀርመኑ ንጉሥ ከሃይንሪሽ 4ኛ ጋር የተጣሉት በሹመት ነው። ጳጳስን የሚሾም ማነው፣ ንጉሡ ወይስ ቤተ ክርስቲያን? ያኔ ጳጳስ ማለት መሬትና ወታደር ያለው ባላባትም ነውና ነገሩ ቀላል አልነበረም። በ1076 መጀመሪያ ንጉሡ በጀርመኗ ከተማ በዎርምስ ጳጳሳቱን ሰብስቦ ለጎርጎርዮስ ከመንበርዎ ይውረዱ ብሎ ጻፈ። እሳቸውም ብዙ ሳይቆዩ አወገዙት፤ ተገዢዎቹንም ከመሐላቸው ፈቱ። መኳንንቱ ምን ይፈልጋሉ! ውግዘቱ በዓመት ውስጥ ካልተነሳ ሌላ ንጉሥ እንመርጣለን አሉት።

ሃይንሪሽ በክረምት የአልፕስን ተራራ ተሻግሮ መጣ። ጎርጎርዮስ በማቲልዳ፣ በቶስካናዋ ገዥ፣ ግንብ ውስጥ ነበሩ፤ ካኖሳ የሚባለው ይህ ግንብ ነው። በጥር 1077 ማቅ ለብሶ፣ በባዶ እግሩ፣ በዚያ ብርድ ከደጁ ሦስት ቀን ቆመ። በመጨረሻ ፈቱት።

ሌላ አባል፦ ታዲያ የእኛው «ድንጋይ ተሸክሞ መግባት» አይቀርበውም? ራስ መንገሻ ዮሐንስ በ1886 ዓ.ም. ለአፄ ምኒልክ የገቡት ድንጋይ ተሸክመው ነው።

መልስ፦ ከደጅ ጥናት በጣም ይሻላል፤ ተሸንፌያለሁ ማለቱ አለበት። የቀረው የካህኑ እጅ ነው። ድንጋይ የተሸከመ የሚገባው ለንጉሥ ነው፣ ሃይንሪሽ ግን የቆመው በንስሐ አባት ደጅ ነው። አማርኛችን እዚህ ላይ ያግዘናል። ተገዢዎቹን ከመሐላ «ፈቱ»፣ እሱንም ከውግዘት «ፈቱት»፤ ያው አንድ ግስ። ወጥመዱም እዚያው ነው። ንስሐ ገብቻለሁ እያለ በብርድ የሚንቀጠቀጥን ሰው ካህን አልፈታህም ሊል አይችልም። እንደ ፖለቲከኛ ቢሆን በሩን ዘግተው ቢቆዩ ይበጃቸው ነበር።

ጠያቂው፦ ስለዚህ ያሸነፈው ንጉሡ ነው?

መልስ፦ ለጊዜው አዎ። መኳንንቱ በዚያው ዓመት ሌላ ንጉሥ መረጡበት እንጂ ዙፋኑን አለቀቀም። በ1080 ጎርጎርዮስ ዳግመኛ አወገዙት፤ ያ ግን እንደ ፊተኛው አልያዘም። በ1084 ሮምን ያዘና የራሱን ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት አስቀመጠ። ጎርጎርዮስን ሊያስጥሉ የመጡት ኖርማኖች፣ የደቡብ ጣሊያን ገዥዎች፣ ከተማዋን ዘረፉ፣ አቃጠሉ። ሕዝቡም በእሳቸው ስለተቆጣ ከኖርማኖቹ ጋር ወጡ። በ1085 በስደት ሳሌርኖ ላይ አረፉ።

ፈሊጡን በጀርመን አፍ ላይ በደንብ ያስገባው ግን የጀርመን ቻንስለር የነበረው ቢስማርክ ነው። በ1872 እ.ኤ.አ. ከካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ጋር ሲጋጭ በምክር ቤት «ወደ ካኖሳ አንሄድም» አለ። ባልደረባህም የሚለው ይህንኑ ነው፤ ኩራቴን ውጬ ልሂድ ማለቱ ነው። እኔ ብሆን «ድንጋዬን ተሸክሜ ልግባ» ብዬ እተረጉመው ነበር። አለቃው ሦስት ቀን በረንዳ ላይ ካላቆሙት ማለቴ ነው።