በጠባብ ሳሎን የኮርኒስ ስፒከር የት ይገጠማል? (ኮንዶሚኒየም፣ 3.6 በ4.2)

የሰሚቱ

ሰላም ለሁላችሁ። ሰሚት ኮንዶሚኒየም ሁለተኛ ፎቅ ነው የምኖረው፤ ቤቱ የራሴ ነው። በሚቀጥለው ሳምንት የጂብሰም ሠራተኛ ገብቶ የሳሎኑን ኮርኒስ ይሠራልኛል። ወንድሜ ከዱባይ አራት የኮርኒስ ስፒከር ልኮልኛል፤ ክብ፣ 6.5 ኢንች። አምፕሊፋየሩም ከዚያው የመጣ ነው። 7 ቻናል ሲሆን ዶልቢ አትሞስ (ድምፅን ከላይም የሚያመጣው አሠራር) ተብሎ ተጽፎበታል። ከበፊት አምስት ስፒከርና አንድ ሰብ ዉፈር (የወፍራም ድምፅ ስፒከር) አለኝ።

የሳሎኑ ወርድ 3.6 ሜትር፣ ርዝመቱ 4.2፣ ከወለል እስከ ሶሌታ 2.6 ነው። ቴሌቪዥኑ ጠባቡ ግድግዳ ላይ ነው። ሶፋው ኤል ቅርጽ ነው፤ ረጅሙ ጎን ከቴሌቪዥኑ ትይዩ፣ ከኋላ ግድግዳው ጋር ተጣብቋል። በቀኝ በኩል የበረንዳው የመስታወት በር አለ። የግራው ግድግዳ ግማሹ ክፍት ነው፤ ወደ ኩሽና ያሳልፋል። ስለዚህ የጎን ስፒከር የምሰቅልበት ግድግዳ የለኝም ማለት ይቻላል።

የጂብሰም ሠራተኛው «አራቱንም በአራቱ ማዕዘን እናድርጋቸው፣ መሐል ላይ ስፖት ላይት፣ ያምራል» ይላል። እኔ ከማማሩ በፊት ድምፁን ነው የምፈልገው። ያደግኩት ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ነው። ክረምት ሲገባ ዝናቡ ከላይ እንዴት እንደሚወርድ አውቀዋለሁ። ፊልም ላይ ሲዘንብም እንደዚያ ከላይ እንዲመጣልኝ እፈልጋለሁ።

አራቱን የት ላድርጋቸው? የጎኖቹንስ ግድግዳ ስለሌለ ኮርኒስ ላይ ብሰቅላቸው ችግር አለው?

ገርጂ ማርያም

የአጎቴ ልጅ ቤት ሁሉንም ኮርኒስ ላይ ነው የገጠሙት። ሽቦ የለ፣ ማቆሚያ የለ፣ ልጆች አይነኩት። ቤትህ ጠባብ ከሆነ እንደዚያ ብታደርግ ይሻልሃል። ድምፁም ምንም አይልም።

ድምፅ ገጣሚ

ወንድሜ፣ እንኳንም ኮርኒሱ ሳይዘጋ ጠየቅህ። ሥራውን የጀመርኩት በካሴት ዘመን ነው። አዳራሽም ቤተ ክርስቲያንም የሰው ሳሎንም ገጥሜያለሁ። ኮርኒስ ከተዘጋና ቀለም ከተቀባ በኋላ «ድምፁ ልክ አይደለም» ብሎ የሚደውልልኝ ሰው ያሳዝነኛል፤ እንደገና መቅደድ ነዋ።

መጀመሪያ የአምፕሊፋየሩን ነገር እንጨርስ። 7 ቻናል ማለት ሰባት ስፒከር ይነዳል ማለት ነው። አምስቱ ከታች ናቸው፤ ለኮርኒስ የሚተርፈው ሁለት ብቻ ነው። 5.1.2 የሚባለው ይህ ነው፤ አምስት ከታች፣ አንድ ሰብ ዉፈር፣ ሁለት ከላይ። ከላይ አራት ለማድረግ 9 ቻናል ያስፈልጋል። ስለዚህ አራት ቀዳዳ ብታስቀድድ ሁለቱ ዝም ብለው ነው የሚቀመጡት።

9 ቻናል ቢኖርህም በዚህ ሳሎን አራት አልመክርህም። ምክንያቱ ሶፋህ ነው። አራት ሲሆኑ ሁለቱ ከፊትህ፣ ሁለቱ ከኋላህ ይሆናሉ፤ ከጆሮህ ተነስተህ ስትለካ ወደ 45 ዲግሪ ላይ። ተቀምጠህ ጆሮህ ከወለሉ አንድ ሜትር ገደማ ከፍ ይላል። ኮርኒሱ 15 ሴንቲ ቢወርድ ቁመቱ 2.45 ይሆናል፤ ከጆሮህ በላይ 1.45 ቀረ ማለት ነው። 45 ዲግሪ ለማግኘት ወደ ኋላም ያንኑ 1.45 ሜትር መሄድ አለብህ። ከኋላህ ያለው ግን ግድግዳ ነው። የጂብሰም ሠራተኛው የሚላቸው አራት ማዕዘኖች ለዓይን ነው የሚያምሩት። የኋለኞቹ ሁለቱ ጥግ ላይ ተወሽቀው ከግድግዳው ጋር ይጮሃሉ።

ሁለት ሲሆኑ ነገሩ ይቀላል። ቦታቸው ከአናትህ ትንሽ ወደ ፊት ነው። የዶልቢ መመሪያ ከ65 እስከ 100 ዲግሪ ይፈቅዳል፤ 90 ቀጥ ብሎ አናትህ ላይ ነው። በአንተ ቤት 80 ዲግሪ ማለት ከጆሮህ 25 ሴንቲ ወደ ቴሌቪዥኑ ነው፣ 65 ደግሞ ወደ 68 ሴንቲ። እኔ ብሆን 40 ሴንቲ ላይ አደርጋቸዋለሁ። የኤሉ አጭር ጎን ወደ ፊት ስለሚወጣ እዚያ የሚቀመጡትም ይደርሳቸዋል። ወደ ጎን ደግሞ ከፊት ካሉት ቀኝና ግራ ስፒከሮች ጋር በአንድ መስመር ይዋሉ። የፊቶቹን በ2.6 ሜትር አራርቃቸው። የኮርኒሶቹም እንደዚያው፣ ከየጎኑ ግድግዳ 50 ሴንቲ ገባ ብለው።

አሁን ወደ ጎን ስፒከሮቹ። እባክህ ኮርኒስ ላይ እንዳትሰቅላቸው። ገርጂ ማርያም ያለችው ለዓይን ንጹሕ ነው፤ ለጀርባ ሙዚቃም ይሆናል። አንተ የፈለግከው ግን ዝናቡ ከላይ እንዲመጣ ነው። ሁሉንም ከላይ ካደረግከው ዝናቡም ከላይ፣ የሰው እግርም ከላይ፣ መኪናውም ከላይ ይሆናል። ከላይ የሚመጣው የሚለየው ከታች ሌላ ነገር ሲኖር ነው።

ግድግዳ የለኝም አልክ፤ የኋላው ግድግዳ ግን ሙሉ ነው። ሶፋውን 20 ሴንቲ ወደ ፊት አውጣው። ያኔ ጆሮህ ከኋላው ግድግዳ 60 ሴንቲ ያህል ይርቃል። ሁለቱን ስፒከሮች በዚያው ግድግዳ ቀኝና ግራ ጥግ ላይ፣ ከጆሮህ ትንሽ ከፍ አድርገህ፣ 1.2 ሜትር ላይ ስቀላቸው፤ ፊታቸውን ወደ ሶፋው መሐል አዙር። ከፊትህ ቆጥረህ ወደ 110 ዲግሪ ይጠጋሉ። ለ5.1 የሚፈለገው ከ110 እስከ 120 ነው። የበረንዳውን በርም የኩሽናውንም መተላለፊያ አይነኩብህም። ሶፋው ከግድግዳ መራቁ ለሰብ ዉፈሩም ይጠቅማል፤ ግድግዳ ሥር ወፍራሙ ድምፅ ይከማቻል።

የጂብሰም ሠራተኛውን እንዲህ በለው። ከኋላ ያለውን የስፒከር ጥልቀት በሜትር ይለካ፤ ብዙዎቹ ወደ 10 ሴንቲ ይሄዳሉ፣ 15 የምልህ ለዚህ ነው። የብረት ፕሮፋይሉን ከመዘርጋቱ በፊት የስፒከሩ ቦታ ምልክት ይደረግበት። አለበለዚያ ብረቱ ልክ ቀዳዳው ላይ ያርፋል፣ ከዚያ «ትንሽ እናዙረው» ይመጣል። ስፖት ላይቱ ይዙር እንጂ ስፒከሩ አይዙር። ቀዳዳው ዙሪያ ከበላይ በኩል ፕላይውድ ይደረብ፤ ጂብሰም ብቻውን ይንቀጠቀጣል። ትንሽ ፋይበር ግላስ ከላይ ቢጣልበት ደግሞ ወደ ላይኛው ፎቅ የሚያልፈው ይቀንሳል። ሶሌታውን ግን ለስፒከር ብሎ ማንም እንዳይፈለፍለው። ያንተ ጣሪያ የጎረቤትህ ወለል ነው።

ለሽቦው ባለ 1.5 ስኩዌር ሚሊሜትር በቂ ነው፤ ከ10 ሜትር አይበልጥብህም። መርካቶ ስትገዛ ጫፉን በቢላ ፋቅ አድርገው። ውስጡ ነጭ ከሆነ መዳብ የተቀባ አልሙኒየም ነው፣ ተወው። ከመብራት ሽቦ ጋር አንድ ላይ አታስረው።

ሲልቨር ስፕሪንግ

ድምፅ ገጣሚ ያሉት ላይ አንድ ነገር ልጨምር፤ ይህን የሚያነቡ ተከራዮችም ይኖራሉ። እኔ እዚህ አሜሪካ አፓርትመንት ተከራይቼ ነው የምኖረው፣ ኮርኒስ መብሳት ክልክል ነው። የፊት ስፒከሮቹ ላይ የሚቀመጡ፣ ድምፁን ወደ ኮርኒስ ተኩሰው የሚያስመልሱ ትንንሽ ስፒከሮች አሉ። እነሱን ነው የምጠቀመው። ኮርኒሱ ዝርግና ጠንካራ ከሆነ፣ ቁመቱም ከ2.3 እስከ 3.6 ሜትር ከሆነ ይሠራሉ። የተለሰነ ሶሌታ እንዲያውም በጣም ይመቻቸዋል። ደረጃ ደረጃ ያለው፣ መሐሉ ገባ ያለ የጂብሰም ዲዛይን ግን ድምፁን ይበትነዋል። እውነተኛ የኮርኒስ ስፒከር ማድረግ የሚችል ሰው ያንን ያድርግ፤ ልዩነቱ ይሰማል።

ደግሞ ከአሜሪካ ዕቃ የሚያስልክ ካለ፣ አምፕሊፋየሩ ጀርባ የተጻፈውን ያንብብ። የዚህ አገር 120 ቮልት ነው። አዲስ አበባ 220 ላይ እንዲሁ ከሰኩት ይቃጠላል።

የሰሚቱ

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ይህን ሁሉ ጊዜ ወስደው ስለጻፉልኝ ከልብ አመሰግናለሁ። ሲልቨር ስፕሪንግም፣ ገርጂ ማርያምም አመሰግናለሁ።

ማታውኑ ሜትር ይዤ ለካሁ። ሶፋውን ሳወጣው የበረንዳው በር ይከፈታል፣ ወደ ኩሽናም ሰው ያልፋል። ወለሉ ላይ በፕላስተር ሁለት ምልክት አድርጌያለሁ፤ ከጆሮ 40 ሴንቲ ወደ ፊት፣ ከየጎኑ 50። የጂብሰም ሠራተኛው መጥቶ አይቶ ስፖት ላይቶቹን ወደ ዳር ለማውጣት ተስማምቷል። የተረፉት ሁለት ስፒከሮች መኝታ ቤት ይገባሉ።

ሁለት ነገር ብቻ ልጠይቅዎት። አምፕሊፋየሩ ላይ የኮርኒሶቹን ምን ብዬ ልምረጥ? ልጆቼ የሚያዩት አብዛኛው ተራ ስቴሪዮ ነው፤ ያኔ ከላይ ምንም አይሰማም ማለት ነው?

ድምፅ ገጣሚ

ይሰማል። ዶልቢ ሰራውንድ የሚል ምርጫ አለው፤ እሱን ስታበራው ተራውን ስቴሪዮም ወደ ኮርኒሶቹ ያካፍለዋል። እንደ አትሞሱ አይሆንም፣ ግን የአዳራሽ ጭብጨባና የኳስ ሜዳ ጩኸት ላይ ደስ ይላል። ንግግሩ ከመሐለኛው ስፒከር አይነቃነቅም።

ለኮርኒሶቹ ቶፕ ሚድል በለው። ፍሮንት ሃይት ካልከው ከፊት ግድግዳ በላይ የተሰቀሉ ይመስለዋል። መጠናቸውን ስሞል፣ መቁረጫውን (ክሮስኦቨር የሚለውን) ከ80 እስከ 100 ኸርዝ አድርግ፤ ወፍራሙን ሰብ ዉፈሩ ይያዘው። ሰብ ዉፈሩን ወፍራም ስፖንጅ ላይ አስቀምጠው፣ ከታች ሰው ይኖራል። ከዚያ የመለኪያውን ማይክ በጆሮህ ከፍታ አቁምና ቤቱ ጸጥ ሲል አስለካው።

ጂብሰሙ ከመዘጋቱ በፊት ሜትሩን ግድግዳው ላይ ዘርግተህ የሽቦውን መንገድ ፎቶ አንሣ። ሁሉም አልቆ የአትሞስ ፊልም ስትከፍት አምፕሊፋየሩ ፊት ላይ ዶልቢ አትሞስ የሚል ካልመጣ፣ ስፒከሩን ሳይሆን ቴሌቪዥኑን እይ። ገመዱ ኤአርሲ (ARC) የሚለው፣ ድምፁን ከቴሌቪዥኑ ወደ አምፕሊፋየሩ የሚመልሰው ኤችዲኤምአይ ላይ ይሰካ፣ የድምፅ ሴቲንጉም ፒሲኤም (PCM) ሳይሆን ድምፁን ሳይነካ የሚያሳልፈው ፓስ ስሩ ላይ ይሁን።