«የጁላይ ጨዋታ ምንም አይወስንም» ለተባለው የተሰጠ መልስና የተከተለው ክርክር

ዘአሌክሳንድሪያ፦
ትናንት ማታ እዚሁ መካከላችን «አንድ የቤዝቦል ቡድን በዓመት የሚጫወተውን 162 ጨዋታ ተቀምጦ ማየት ጊዜ ማባከን ነው፤ የጁላይ ጨዋታ ምንም አይወስንም፤ እኔ ቤዝቦልን ትቼ የዋንጫው ጥሎ ማለፍ ኦክቶበር ሲደርስ እመለሳለሁ» ተብሎ የተጻፈውን አንብቤ ዝም ማለት አልቻልኩም። በዋሽንግተን አካባቢ የሚኖር ሰው እንዲህ ሲል ያሳዝናል። የከተማችን ቡድን ናሽናልስ እ.ኤ.አ. በ2019 ሜይ 23 ላይ 19 አሸንፎ 31 ተሸንፎ፣ አሠልጣኙ ይባረር እየተባለ ነበር። ያ ቡድን ጁንንና ጁላይን ታግሎ ከጉድጓዱ ባይወጣ ኖሮ 93 ድል ላይ አይደርስም፣ ዋንጫውም ወደዚህ ከተማ አይመጣም ነበር።

ታዛቢ፦
የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ቃሌንም አላጥፍም። የጠቀሱት 2019 የሚመሰክረው ለእኔ ነው። በዚያው ዓመት የሎስ አንጀለሱ ዶጀርስ 106 ጨዋታ አሸንፎ ነበር፤ ከእኛ በ13 ይበልጥ ነበር ማለት ነው። ስድስት ወር ለፍቶ ያገኘውን ብልጫ በአምስት ጨዋታ ነጥቀን ወደ ቤቱ የሰደድነው እኛው ነን። በ2023ም የአትላንታው ብሬቭስ 104፣ የባልቲሞሩ ኦሪዮልስ 101፣ ዶጀርስ 100 ጨዋታ አሸንፈው ሦስቱም በገቡበት የመጀመሪያ ዙር ሲሰናበቱ፣ 84 ብቻ ያሸነፈው የአሪዞና ቡድን ለዋንጫው ፍጻሜ፣ ለወርልድ ሲሪስ ደረሰ። ከ2022 ጀምሮ ከ30ው ቡድን 12ቱ ወደ ጥሎ ማለፉ (ፕሌይኦፍ) ይገባሉ። ይህን ያህል በር ከተከፈተ በጁላይ መሸነፍ ማንን ይጎዳል?

ባለ ሬዲዮው፦
ወንድሜ ታዛቢ፣ በ2019 ከሚልዋኪ ጋር የተደረገው የዋይልድ ካርድ ጨዋታ፣ ማለትም የተሸነፈው የሚሰናበትበት አንድ ጨዋታ፣ ለምን በናሽናልስ ፓርክ እንደተደረገ አስበህ ታውቃለህ? እኛ 93፣ እነሱ 89 ስላሸነፍን ነው፤ ልዩነቱ አራት ጨዋታ ብቻ ነበር። ጨዋታው ካሉት ዘጠኝ ዙሮች (ኢኒንግ) በስምንተኛው ላይ 3 ለ 1 እየተመራን፣ በሦስቱም ቤዝ ላይ የእኛ ሯጮች ቆመው፣ ወጣቱ መቺያችን ሁዋን ሶቶ የመታት ኳስ በቀኝ መስመር ተከላካዩ ጓንት ሥር ሾልካ ስታልፍ ሦስቱም ሯጮች ገቡና 4 ለ 3 ሆነ። ያን ጊዜ ሕዝቡ ሲጮኽ በሬዲዮ የተራኪው ድምፅ ሊሰማኝ አልቻለም። ያ ጩኸት በእኛ ሜዳ እንዲሆን የወሰኑት እነዚያ አንተ የናቅካቸው የበጋ ማታዎች ናቸው።

ታዛቢ፦
የሜዳ ጥቅም ይህን ያህል የሚወስን ከሆነ፣ ከሂውስተን ጋር በተደረገው ወርልድ ሲሪስ ሰባቱንም ጨዋታ ያሸነፈው እንግዳው ቡድን ለምን ሆነ? በሜዳችን የተደረጉትን ሦስቱን አንድም ሳናሸንፍ ዋንጫውን ያነሣነው በሂውስተን ነው። አሁንም ደግሜ እላለሁ፤ ጁላይ ምንም አይወስንም።

እናት ዘታኮማ ፓርክ፦
ወንድሞቼ፣ ሁለታችሁም ጁላይ የሚወስነውን ዋና ነገር ረስታችሁታል። የተጫዋች ዝውውር የሚዘጋው በጁላይ መጨረሻ አካባቢ ስለሆነ፣ ጁላይ የሚወስነው ማን እንደሚሸጥ ነው። በ2021 በጁላይ መጨረሻ ከዋንጫው ቡድን ማክስ ሸርዘርና ትሬ ተርነር ወደ ዶጀርስ ተላኩ፤ በዓመቱ፣ ኦገስት በገባ በሁለተኛው ቀን፣ ሶቶ ገና በ23 ዓመቱ ወደ ሳንዲያጎ ተሰጠ። የእርሱን ቁጥር 22 ማሊያ የለበሱ ሕፃናት በማግስቱ ሜዳ ላይ ማንን ይፈልጉ? በዚያ ዓመት 55 አሸንፈን 107 ተሸነፍን፤ ከሊጉ ሁሉ የመጨረሻ ሆንን። እኔ ማየት ያቆምኩት ወቅቱ ረዝሞብኝ አይደለም። የምወዳቸው ልጆች ከወቅቱ መጨረሻ በፊት ስለሚወሰዱብኝ ነው።

ዘአሌክሳንድሪያ፦
እህቴ፣ ሐዘንሽ ይገባኛል፤ ነገር ግን ፍርድሽ ሚዛናዊ አይደለም። ክለቡ ለ15 ዓመት 440 ሚሊዮን ዶላር አቅርቦለት ሶቶ ራሱ አልቀበልም እንዳለ በሰፊው ተዘግቧል፤ በኋላም ከኒው ዮርኩ ሜትስ ጋር በ765 ሚሊዮን ተፈራረመ። በእርሱ ምትክ ኤብራምስ፣ ጎርና ዉድ የተባሉ ወጣት ተጫዋቾች መጡልን። ዝም ብሎ መልቀቅ ይሻል ነበር?

እናት ዘታኮማ ፓርክ፦
ዋንጫ ባነሣን በሦስት ዓመት ውስጥ ያ ቡድን በሙሉ መበተኑን ሚዛናዊ ነው እንድል አትጠይቀኝ። ከዋንጫው ቡድን ኮከቦች አንዱ የነበረው ሬንዶንም የሄደው ገና የድሉ ደስታ ሳይበርድ ነው። አዳዲሶቹን ልጆች አልጠላም፤ እነርሱንም መልመድ ስጀምር ይሄዱብኛል ብዬ እፈራለሁ እንጂ።

ዘሲልቨር ስፕሪንግ፦
ከሽያጩ ወደ ቁጥሩ እንመለስ። 162 ተመልካችን አስቦ የወጣ ቁጥር አይደለም። ቤዝቦሉ አሜሪካን ሊግና ናሽናል ሊግ ተብሎ በሁለት ተከፍሎ፣ እያንዳንዱ ሊግ ስምንት ቡድን ሳለው፣ አንዱ ቡድን ከሰባቱ ጋር 22 ጊዜ እየተጋጠመ 154 ይጫወት ነበር። በ1961 የአሜሪካን ሊግ አሥር ቡድን ሲሆን ከዘጠኙ ጋር 18 ጊዜ ተባለና 162 ሆነ፤ በዓመቱ ናሽናል ሊግም ተከተለ። ያ ስሌት ዛሬ የለም፤ ከ2023 ወዲህ ሁሉም ቡድን ከሁሉም ጋር ይገናኛል። ስሌቱ ፈርሶ ቁጥሩ ለምን ይቀራል? በ2023 ኳስ ወርዋሪው በተወሰነ ሰከንድ ውስጥ እንዲወረውር የሚያስገድደው የፒቸሩ ሰዓት ሲመጣ አማካዩ ጨዋታ በ24 ደቂቃ ያህል አጥሮ ሁላችንም ተደስተናል። ጨዋታውን ማሳጠር ከተቻለ ወቅቱን ማሳጠር የማይቻልበት ምክንያት አይታየኝም።

ባለ ሬዲዮው፦
ጋሼ፣ ስሌቱ ትክክል ነው፤ ግን ወቅቱ ሲያጥር ምን እንደሚሆን በ2020 አይተናል። በኮሮና ምክንያት 60 ጨዋታ ብቻ ተደርጎ፣ አንድ መጥፎ ሁለት ሳምንት ያጋጠመው ቡድን የሚያገግምበት ጊዜ አጣ። የእኛ የ2019 ቡድን በ60 ጨዋታ ቢመዘን ኖሮ ከሜይ ወዲያ ተስፋ አልነበረውም። የሥራ ማታ ጨዋታ ለእኔ መሪ ይዤ እየነዳሁ የምሰማው ነው፤ ሁሉንም ተቀምጦ መመልከት አለበት ያለ የለም።

ዘአሌክሳንድሪያ፦
ታዛቢ አንድ ነገር ይመልስልኝ። ሜይ ላይ ተስፋ ቆርጦ የዘጋ ሰው ኦክቶበር ላይ ያገኘው ደስታ ከእኛ እኩል ነበር?

ታዛቢ፦
እኩል ነበር። በኮንስቲትዩሽን ጎዳና በተደረገው የድል ሰልፍ ላይ ቆሜ አልቅሻለሁ፤ ስንት ጨዋታ አየህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።

ባለ ሬዲዮው፦
እኔ ልጠይቅህ። የሶቶ ኳስ ከጓንቱ ሥር ስታልፍ ምን እንደተሰማህ ጻፍልን፤ ከዚያ ስለ እኩልነቱ እንነጋገራለን።