በሆኪ ሜዳ አንጎሉ የተናወጠ ተጫዋች «ደህና ነኝ» ቢል፣ የማስወጣቱ ኃላፊነት የማን ነው?

ዘወትር ተመልካች (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። ለጥያቄዬ መነሻ የሆነኝ በኤንኤችኤል (በሰሜን አሜሪካ የበረዶ ሆኪ ሊግ) የተፈጸመና ብዙዎች በሌላ ምክንያት የሚያስታውሱት ክስተት ነው። በ2016 ጃንዋሪ 27 (ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ) የካልጋሪ ፍሌምስ ተከላካይ ዴኒስ ዋይድማን ከናሽቪል ጋር በተደረገ ጨዋታ ከአጥሩ ጋር ክፉኛ ተጋጭቶ ወደቀ፤ ተነሥቶ ወደ ተጠባባቂዎች ወንበር ሲንሸራተትም ዶን ሄንደርሰን የተባለውን የመስመር ዳኛ ከኋላው ገፍቶ ጣለው። ሄንደርሰን በዚያ ጉዳት ምክንያት ወደ ዳኝነት ሥራው ሳይመለስ ቀረ። ሊጉ ዋይድማንን 20 ጨዋታ አገደው፤ ገለልተኛው የግልግል ዳኛ ቅጣቱን ወደ 10 ሲያወርደው ደግሞ ተጫዋቹ 19ኙን ጨርሶ ነበር፤ ፍትሕ ዘግይቶ መጣ ማለት ይህ ነው።

ክርክሩ ሁሉ ሆን ብሎ ነው ያደረገው ወይስ ሳያውቅ በሚለው ላይ አተኮረ። እኔን ያስጨነቀኝ ግን ሌላው ጉዳይ ነው። ዋይድማን አንጎሉ መናወጡ ከጨዋታው በኋላ በምርመራ ታውቋል፤ በዚያው ምሽት ግን እርሱ ደህና ነኝ ስላለ እስከ መጨረሻው ተጫውቷል። አንጎሉ የተናወጠ ሰው ስለ ገዛ አንጎሉ የሚሰጠው ምስክርነት እንዴት ሊታመን ይችላል? ካልታመነስ ውሳኔው የቡድኑ ሐኪም፣ የሊጉ ወይስ የተጫዋቾች ማኅበሩ መሆን አለበት? ጉዳዩን በቅርብ የምታውቁ ብታስረዱኝ አመሰግናለሁ።

በሙያዬ ነርስ

የጥያቄዎን ሕክምናዊ ክፍል ልሞክር። አንጎል በራስ ቅል ውስጥ በፈሳሽ ተከብቦ የሚገኝ ለስላሳ አካል ነው። ጭንቅላት በድንገት ሲሽከረከር ወይም በድንገት ሲገታ አንጎሉ እኩል አይከተለውም፤ በጥቂቱ ይዘገያል፣ ይጠማዘዛል፣ የነርቭ ክሮቹም ይወጠራሉ። ሄልሜት የራስ ቅል እንዳይሰነጠቅ በማድረግ ረገድ ባለውለታ ነው፤ በ1968 የሚኒሶታው ቢል ማስተርተን ያለ ሄልሜት በረዶው ላይ ወድቆ በሁለተኛው ቀን ሞቷል፤ ለአዲስ ገቢ ተጫዋቾች ሄልሜት ግዴታ የሆነው ግን ከዚያ 11 ዓመት ያህል ቆይቶ ነው። ሆኖም በውስጥ የሚደርሰውን መጠማዘዝ ሄልሜት አያስቀረውም።

አስቸጋሪው ነገር ይህ ጉዳት በሲቲ ስካንም ሆነ በኤምአርአይ አብዛኛውን ጊዜ አለመታየቱ ነው። ስለዚህ ምርመራው በእጅጉ የሚደገፈው ሕመምተኛው በሚናገረው ላይ ነው፤ ራሴን ያመኛል፣ ብርሃን ይረብሸኛል፣ ነገሩ ሁሉ ጭጋግ ሆነብኝ በሚለው ላይ። ከዚህም ሌላ ምልክቱ ከሰዓታት በኋላ፣ አንዳንዴም በማግሥቱ ሊመጣ ይችላል። የሲድኒ ክሮዝቢን ታሪክ ያስታውሱ፦ በ2011 ጃንዋሪ 1 ከዋሽንግተን ጋር በተደረገ ጨዋታ ራሱን ተመታ፤ በ5ኛው ቀን ከታምፓ ቤይ ጋር ሲጫወት ደግሞ ከአጥሩ ጋር ተጋጨ። ከዚያ በኋላ እስከ ኖቬምበር 21 አልተሰለፈም፤ ተመልሶም 8 ጨዋታ ብቻ አድርጎ እንደገና ለወራት ቆመ። በዘመኑ እጅግ የላቀው ተጫዋች በሁለቱ ግጭቶች መካከል ወደ ሜዳ መመለሱን ማንም አላስቆመውም።

በዚያው ዓመት በማርች ወር ሊጉ ሥርዓቱን ለወጠ፤ የተጠረጠረ ተጫዋች ጸጥ ወዳለ ክፍል ተወስዶ በሐኪም እንዲመረመር ተደነገገ። ከ2016–17 የውድድር ዘመን ጀምሮ ደግሞ ሁሉንም ጨዋታ ኒው ዮርክ ሆነው በስክሪን የሚከታተሉና ተጫዋች ለምርመራ እንዲወጣ የማዘዝ ሥልጣን ያላቸው ታዛቢዎች ተመደቡ። እንደ እኔ ከሆነ ለጥያቄዎ ከሁሉ የሚቀርበው መልስ ይህ ነው፤ የማስወጣቱ ትእዛዝ በተጫዋቹ መውጣት ምንም ከማይጎድልበት ሰው መምጣት አለበት።

የሕግ ተማሪ

ከላይ በተጻፈው እስማማለሁ፤ ነገር ግን «ኃላፊነት» የሚለው ቃል ሁለት ነገር እንደያዘ መለየት ይገባል። አንደኛው በጨዋታው ምሽት ማን ይወስናል የሚለው ሲሆን፣ ሁለተኛው ከ20 ዓመት በኋላ ሰውየው ማስታወስ ሲያቅተው ማን ይከፍላል የሚለው ነው።

በ2013 ኖቬምበር 25 የቀድሞ ተጫዋቾች፣ ሊጉ ተደጋጋሚ የራስ ምት የሚያስከትለውን መዘዝ እያወቀ አላስጠነቀቀንም ሲሉ ከሰሱ። ክሶቹ በሚኒሶታ የፌዴራል ፍርድ ቤት ተጠቃለሉ። በ2018 ጁላይ ግን ዳኛዋ ሱዛን ሪቻርድ ኔልሰን ጉዳዩ በሁሉም የቀድሞ ተጫዋቾች ስም በወል እንዲታይ የቀረበውን ጥያቄ አልተቀበሉም፤ ምክንያቱም የሕክምና ክትትል ካሳን የሚመለከቱት የክልል ሕጎች እርስ በርስ እጅግ ስለሚለያዩ ነው። ከአራት ወር በኋላ ሊጉ ጥፋተኝነትን ሳያምን በ18.9 ሚሊዮን ዶላር ተስማማ። ለ318 ተጫዋቾች ለእያንዳንዳቸው 22,000 ዶላር ገደማ፣ ሕክምና ለሚያስፈልጋቸው ደግሞ እስከ 75,000 ዶላር የሚደርስ ድጋፍ ማለት ነው። የአሜሪካ ፉትቦል ሊግ በተመሳሳይ ጉዳይ የተስማማው 1 ቢሊዮን ዶላር ገደማ እንደነበረ ሲታሰብ ልዩነቱ የሰማይና የምድር ያህል ነው።

ሊጉን ለመከላከል የሚነሣውን ክርክርም መስማት ተገቢ ነው። ተጫዋቾቹ አዋቂዎች ናቸው፣ ሥራው አደገኛ መሆኑን ያውቃሉ፣ ደመወዙም ለዚያ ነው፣ የደኅንነት ደንቦቹንም ማኅበራቸው በድርድር ተቀብሏል ይባላል። ይህ ክርክር ክብደት የለውም አልልም።

የድሮ ደጋፊ

ለሕግ ተማሪው ወንድሜ አንድ ነገር ልበል። «በሬ ሆይ፣ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ» እንዲሉ፣ ተጫዋቹ ሣሩን ማየቱን ማንም አይክድም፤ ሙግቱ ገደሉን ያሳየው አለ ወይ የሚለው ላይ ነው። የሊጉ ኮሚሽነር ጋሪ ቤትማን በራስ ምትና ሲቲኢ በሚባለው፣ ከሞት በኋላ ብቻ በሚረጋገጠው የአንጎል በሽታ መካከል የምክንያትና ውጤት ግንኙነት መኖሩ አልተረጋገጠም ሲሉ ኖረዋል፤ በ2019 በካናዳ ፓርላማ ንዑስ ኮሚቴ ፊት ቀርበውም ከዚህ አቋማቸው አልተነቃነቁም። በሽታው ደግሞ እንደ ቦብ ፕሮበርትና እንደ ዴሪክ ቡጋርድ ባሉ፣ በቡጢ ሥራቸው በታወቁ ተጫዋቾች አንጎል ብቻ አይደለም የተገኘው፤ በጎል አግቢነታቸው በሚታወቁት በሪክ ማርቲንና በስታን ሚኪታ አንጎልም ተገኝቷል። ቡጋርድ በ2011 ሲሞት ገና የ28 ዓመት ወጣት ነበር።

ዋናው ሐሳቤ ግን ይህ ነው። ሁላችሁም የጻፋችሁት ምቱ ካረፈ በኋላ ስላለው ነገር ነው፤ እኔ ደግሞ ኃላፊነቱ የሚጀምረው ከደንቡ አጻጻፍ ነው እላለሁ። በ2010 ማርች የፒትስበርጉ ማት ኩክ የቦስተኑን ማርክ ሳቫርድ በማያየው በኩል መጥቶ ራሱን ሲመታው አንድ ጨዋታ እንኳ አልታገደም፤ የሚከለክል ደንብ አልነበረምና። ደንብ 48 የወጣው ከዚያ በኋላ ነው። መጀመሪያ የከለከለው ከጎንና ከማይታይበት አቅጣጫ የሚመጣውን ምት ብቻ ነበር፤ በኋላ ሰፋ፤ ዛሬም ቢሆን ግን ጭንቅላት ዋነኛው የምቱ ማረፊያ ነበር ወይ፣ ንክኪውን ማስቀረት ይቻል ነበር ወይ እያለ ይመዝናል። ትከሻ መጀመሪያ ደረትን ነክቶ ወደ አገጭ ቢወጣ ምቱ ሕጋዊ ሊባል ይችላል። አንጎሉ ግን የትኛው ቀድሞ እንደተነካ አይጠይቅም።

አሁን ይህን ከሌሎች ደንቦች ጋር አስተያዩት። ዱላህ የተጋጣሚህን ፊት ከነካ ሳታስበው ቢሆንም እንኳ ትቀጣለህ። ከራስህ ክልል ፓኩን (መጫወቻውን ጠፍጣፋ ጎማ) ከሜዳው ዙሪያ መስታወት በላይ አሻግረህ ወደ ተመልካች ብትልክም፣ አምልጦህ ነው ብሎ የሚሰማህ የለም። የሞንትሪያሉ ታላቅ በረኛ ኬን ድራይደን ለዓመታት የተሟገተው ይህንኑ ነበር፦ ለዱላ ሐሳብ የማይጠየቅ ከሆነ ለትከሻና ለክርን ለምን ይጠየቃል? ፓክ ከሜዳ በመውጣቱ የማይሰማ ምክንያት፣ ሰው ራሱን ሲመታ መሰማቱ ለእኔ ዛሬም አይዋጥልኝም።

ዘወትር ተመልካች (ጠያቂ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አንድ ነገር ብቻ አልጠራልኝም። ደንቡም ቢጠብቅ፣ ታዛቢም ቢኖር፣ ከታዘዘው ምርመራ በኋላ ተመለስ ወይም ቅር የሚለው መጨረሻ ላይ የቡድኑ ሐኪም ነው። ያ ሐኪም ደግሞ ደመወዙን የሚቀበለው ከቡድኑ ነው። ይህ ሰው ለማን ነው የሚሠራው?

በሙያዬ ነርስ

ትክክለኛው ቁስል ላይ ጣትዎን አሳረፉ። በሕክምና ሥነ ምግባር መልሱ ግልጽ ነው፤ ሐኪሙ የሚሠራው ለሕመምተኛው ነው። ነገር ግን ኤሪክ ሊንድሮስ በ2000 የፊላደልፊያ የጤና ባለሙያዎች የአንጎሉን መናወጥ አላወቁልኝም ብሎ በአደባባይ ሲናገር ያገኘው መልስ የአምበልነቱን መነጠቅ ነበር። በዚያው ዓመት በሜይ ወር ከጉዳት ሲመለስ የተጋጣሚው ቡድን ተከላካይ ስኮት ስቲቨንስ ራሱን መታው፤ በጊዜው ደንብ ሕጋዊ ምት ስለነበር ቅጣት አልተሰጠም፤ ሊንድሮስም ቀጣዩን የውድድር ዘመን ሙሉውን ሳይጫወት አሳለፈ። ይህን ያየ ወጣት ተጫዋች በማግሥቱ ለሐኪሙ ራሴን ያመኛል ብሎ ይናገራል ብዬ አልጠብቅም። ለዚህ ነው ወደ ጨዋታ መመለሱን የሚፈቅደው ሐኪም ቡድኑ ሊያሰናብተው የማይችል ገለልተኛ ሰው ቢሆን የምመርጠው።

የድሮ ደጋፊ

እስማማለሁ፤ ገለልተኛው ሐኪም ግን የሚያየው ወደ እርሱ የመጣለትን ብቻ ነው። የኒው ዮርኮቹ ታዛቢዎችም የሚፈልጉት በዓይን የሚታይ ምልክት ነው፦ ለመነሣት መዘግየት፣ መንገዳገድ፣ ባዶ አስተያየት። ተጫዋቾቹ ይህን ያውቃሉ። ስለዚህ ጨዋታ ስትመለከቱ ከባድ ምት አርፎበት ፈጥኖ የተነሣውን፣ ጓንቱን ለቅሞ አንገቱን ሳያዞር በቀጥታ ወደ ወንበሩ የሚንሸራተተውን ልብ ብላችሁ ተመልከቱት።