የፖፓይ ማስታወሻችን እርስ በርሱ ተጣላብን፣ የቱን ልሰርዝ?

የማርቆስ ልጅ፦
እንዴት ናችሁ ጓዶች፣ ከደብረ ማርቆስ ነኝ። እኔና የአክስቴ ልጅ ስለ ፖፓይ፣ መርከበኛው ካርቱን ማለቴ ነው፣ በአማርኛ ሰነድ እያዘጋጀን ነው፣ ማን ነው፣ ከማን ጋ ይጣላል፣ ምን ይበላል ምናምን የሚል፣ ሲያልቅ ለሰፈር ልጆች በቴሌግራም ልንለቀው። ስንጀምር የሁለት ቀን ስራ መስሎን ነበር፣ ይኸው ክረምቱ ሊወጣ ነው። እኔ ጉልበቱን የሚያገኘው ከቆስጣ ነው ብዬ ጽፌ በማግስቱ ሳየው እሱ ከስሩ "የዶሮ ራስ እያሸ" ብሎ ጨምሮበታል፣ የቀለደ መስሎኝ ላጠፋው ስል አሮጌውን የጋዜጣ ስዕል አምጥቶ አሳየኝ፣ እውነትም ዶሮ ነው የሚያሸው። ባላንጣው እኔ ጋ ብሉቶ ነው፣ እሱ ጋ ብሩተስ። የወንድሙ ልጆች አንዱ ላይ አራት ሌላው ላይ ሶስት። የጠፋችው አይኑ ራሷ አንዴ ቀኝ አንዴ ግራ ናት። አሁን ተኮራርፈናል ማለት ይቻላል። የቱን ልያዝ የቱን ልሰርዝ?

ቡሬ ገበያ፦
ለህጻናት አይደል እንዴ፣ ሰው የሚያውቀውን ጻፍና ተገላገል። ቆስጣ፣ ብሉቶ፣ አለቀ። ዶሮ ማሸት ምናምን ካልክ ነገ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ የእናቱን ዶሮ ሲያባርር ነው የሚውለው ሃሃሃ

የዋሸራው፦
ቡሬ ቀልዱን ተወው፣ ልጁ የምሩን ነው። አንተም አንድ ፊደል እንዳትሰርዝ፣ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፣ ያልጻፋችሁት ማን እና መቼ እንዳለው ነው።
ነገሩ ይሄ ሰውዬ የአንድ እጅ ስራ አይደለም። ሲጋር የሚባለው ሰዓሊ የጋዜጣ ካርቱኑን የጀመረው በ1919 ነው፣ ፖፓይ ግን ብቅ ያለው በ1929 ነው፣ አስር አመት ሊሞላ ሲል፣ ያውም ለአንድ የባህር ጉዞ የተቀጠረ መርከበኛ ሆኖ እንጂ ዋና ሰው ሆኖ አይደለም። ኋላ ፍቅረኛው የሆነችው ኦሊቭ ከሱ በፊት እዛው ነበረች፣ ሌላ ጓደኛም ነበራት! በዛ በመጀመሪያው ታሪክ ጥይት ተርከፍክፎበት ሳይሞት የተረፈው በርኒስ የምትባለዋን ዶሮ ራሷን እያሸ ነው፣ የአክስትህ ልጅ አልዋሸም። ቆስጣው በኋላ የመጣ ነው፣ እንዲህ የገነነው ደግሞ በ1933 ፍላይሸር የሚባሉት ወንድማማቾች የካርቱን ፊልም ካደረጉት ወዲህ ነው። ሲጋር በ1938 ሲሞት ስዕሉ አልቆመም፣ ሌሎች ተቀበሉት፣ ፊልሙ ደግሞ በራሱ መንገድ ሄደ። እንግዲህ ይሄ ሁሉ ሰው በአንድ ሰው አፍ ሲናገር እንዴት አይጋጭ።
ብሩተስን ስንመጣ እሱማ የሚያስቅ ነው። ከ1960 ጀምሮ የጋዜጣው ስዕል ባለቤቶች ለቴሌቪዥን ሲያሰሩት ብሉቶ የሚለው ስም የፊልም ድርጅቱ ንብረት ነው ብለው ፈርተው ቀየሩት፣ እኮ ብሉቶ በ1932 እዛው የራሳቸው የጋዜጣ ስዕል ላይ የወጣ ሰው ነው! ኋላ የመጡት ጸሐፊዎች ደግሞ ግራ ሲገባቸው መንታ ወንድማማቾች ናቸው ብለው አረፉት። አንተ ብሩተስን ሰርዘህ ቢሆን ይሄ ታሪክ አብሮ ጠፍቶ ነበር።
እኔ ልጅ ሆኜ ትርጓሜ ቤት ጥቂት ውያለሁ፣ አልገፋሁበትም እንጂ። መምህሩ አንዱን ፍቺ ይሰጡና "አንድም" ብለው ሌላውን ይቀጥላሉ፣ አንድም፣ አንድም እያሉ፣ የፊተኛውን ግን አያፈርሱትም። እንደዛ ጻፈው። ጉልበቱን ከዶሮ፣ ጋዜጣ፣ 1929። አንድም ከቆስጣ፣ ፊልም፣ 1933። መጀመሪያ ምንጩንና አመቱን ጻፍ፣ ከዛ ወሬውን፣ በተቃራኒው ከሄድክ ምንጩን ነገ እጽፈዋለሁ ትልና ነገ አይመጣም።

ጣና ዳር፦
የዋሸራው ጥሩ ብለዋል ግን አመቶቹ ላይ እ.ኤ.አ. ይበሉባቸው እባክዎ። ፖፓይ የወጣው እ.ኤ.አ. ጥር 17 ቀን 1929 ነው፣ በኛ ጥር 9 ቀን 1921 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ዝም ብለህ 1929 ካልክ አንዱ ልጅ አያቱን ይጠይቃል፣ አያትየው ደግሞ 1929 ሲባል ጣሊያን አገር ይዞ የነበረበት፣ አርበኛው ጫካ የነበረበት ዘመን ነው የሚመጣባቸው፣ ፖፓይም አብሮ ዘመተ ሊባል ነው ሃሃ። አንዱን አቆጣጠር ምረጡና እስከመጨረሻው በሱ ሂዱ።
ሌላው ስም ነው። አንተ ፖፓይ ትላለህ የአክስትህ ልጅ ፓፓይ ይላል እንበል፣ ፈልግ ሲባል ግማሹ አይወጣም። እኔ አንድ ጊዜ የትርጉም ስራ ላይ ሀ እና ሐን አደባልቄ አንድ ሰውዬ ሁለት ሰው ሆኖ ወጣ፣ ሳምንት ሙሉ ሳስተካክል ከረምኩ። የፊደል ገበታ የሚያህል ወረቀት ላይ ስሞቹን ጻፉና ግድግዳ ላይ ለጥፉት። እና ደሞ ፖፓይ የሚበላው ስፒናች ነው፣ ቆስጣ ስፒናች አይደለም፣ ይመሳሰላል እንጂ ሌላ ተክል ነው።

ቡሬ ገበያ፦
ዊምፒንስ ረሳችሁት፣ ዛሬ ሃምበርገር በልቶ ማክሰኞ እከፍላለሁ የሚለውን። ቀኗን እንዳትሳሳቱ ማክሰኞ ናት። እኛ ሰፈርም አንድ እንደሱ ያለ አለ፣ ማክሰኞው የማይደርስ።

የማርቆስ ልጅ፦
አያ የዋሸራው እግዜር ይስጥልኝ፣ ጣና ዳርም። ትናንት ማታ ኤክሴል ከፍተን ጀመርነው፣ ምንጭ፣ አመት በ እ.ኤ.አ.፣ ከዛ ወሬው፣ የተጋጨው ሁሉ አንድም ተብሎ ከስር ይገባል። አይኑን አንድ አይና ብለን ትተን የቱ ስዕል ላይ የቱ እንደጠፋ ብቻ እየመዘገብን ነው፣ እስካሁን ቀኝ እየመራ ነው። ቆስጣን ግን አልቀይረውም ጣና ዳር፣ ስፒናች ብዬ ብጽፍ ማን ያውቀዋል፣ ከስሩ አንድም ስፒናች እላለሁ።